የአዴ ጫልቱን ውሃ ያልቀመሰው አሥር አለቃ

አሥር አለቃ ገመዳ ማረፉን የሰማሁት እዚህ ጊምቢ፣ ከነቀምቴ ቡና ሊጭን ከመጣ ሹፌር ነው። «ትናንት ቀበርነው» አለኝ። አላመንኩትም። ሹፌር ሲባል መንገድ ላይ የለቀመውን ወሬ ሁሉ ይዞ የሚዞር ፍጡር ነው። ከዚያው መኪና የወረዱትን ሁለት ነጋዴዎች ለየብቻ ጠርቼ ጠየቅኳቸው። ሁለቱም ያንኑ ተናገሩ፤ ሳንባውን ታሞ ነው፣ የተቀበረው እዚያው ነቀምቴ ነው፣ ለቀስተኛው ከመንገድ ተርፎ ነበር። ቃላቸው ስለገጠመ አመንኩ። ከዚያ በኋላ ነው ቤቴ ገብቼ ያለቀስኩት።

እንዲህ ነኝ እንግዲህ፣ ለሰው ሞት እንኳ ምስክር የምቆጥር። አባቴ ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ የከተሙ ነገረ ፈጅ ነበሩ። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል እየተናገርኩ አድጌ፣ በአውራጃው ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆንኩ። መዝገብ ቤት የሚውል ሰው የማያየው ጉድ የለም። ወንድም በወንድሙ ላይ የሐሰት ምስክር ሲያቆም ይመለከታል፤ ሟች ከመቃብር ተነስቶ ውል ሲፈርም ይመለከታል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይሉ ነበር አባቴ። እኔ ግን ገንፎውን ትቼ ስንጥሩን ብቻ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ገመዳን የጠረጠርኩት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ከኮሪያ የተመለሰ ሰሞን በአገር ግዛት ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ሰንጋ ተጥሎ አቀባበል ተደረገለት። ዕድሜው ሃያ አራት ቢሆን ነው፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ደረቱ ላይ ሜዳይ ተሰክቷል። የተሸለመበት ምክንያት በሕዝብ ፊት ተነበበ፤ ጓደኛው ዲንሳ በጠላት መድፍ ተመትቶ ሲወድቅ፣ ገመዳ ተኩሱ ሳይበርድ ብቻውን ወርዶ አስከሬኑን ተሸክሞ ወደ ምሽጉ በመመለሱ ነው። ዲንሳ የእኛው ሰፈር ልጅ፣ የጎረቤቴ የአዴ ጫልቱ አንድ ለእናቱ ነበር። ሰው ሳያሾፍበት የማያልፍ ቀልደኛ ልጅ ነበር፤ እኔን ራሴን «ዳኛው ሳይፈርድ የሚፈርደው ጸሐፊ» ይለኝ ነበር። እናቱ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበርና ስሙ ሲነሳ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት።

ከዚያ «ፎክር» ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን ሜዳይ አድርጎ፣ ሰንጋ ተጥሎለት፣ አገር ተሰብስቦለት፣ ማን ሊያስቆመው! ገመዳ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ተቀመጠ። ወጣቶቹ ከበው «ስንት ገደልክ?» ሲሉት «ኮሪያ ብርድ ነው፤ ሌላው ወሬ ነው» አላቸው። ሕዝቡ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» እያለ አደነቀ። እኔ ደግሞ በልቤ «ያልፎከረ ጀግና አይቼ አላውቅም፤ ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር አለበት» አልኩ።

የአርጆ ልጅ ነው። አርጆ እናት አለችው፣ አባት አለው፣ መሬት አላቸው። ወደዚያ መሄድ ሲገባው ነቀምቴ ቀረና ከአዴ ጫልቱ አጥር አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየ። የእኔ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ ከደጃፌ ወንበር ላይ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ። ከከተማ ሲመጣ፣ ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ሲደርስ፣ ሜዳዩን ከደረቱ ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ለሰላምታ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ለሽማግሌም ለሕፃንም ብድግ ይላል። እነዚህን ሁሉ አየሁ፤ ሁሉንም ለክፉ ተረጎምኩ።

አዴ ጫልቱ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ከቤታቸው ኋላ ጥቂት የበቆሎ መሬትና የቡና እግር ያላቸው ሴት ነበሩ። ገመዳ ሰኔ ሲገባ በሬ ፍለጋ እስከ ኡኬ በእግሩ ሄዶ፣ ተከራይቶ አምጥቶ መሬታቸውን አረሰላቸው። ጣሪያቸው ሲያፈስ ሣር አጭዶ ከደነ። እንጨት ፈለጠ፣ አጥር አጠረ፣ ሲታመሙ ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። የወለዱት ልጅ የማያደርገውን ነው ያደረገው። አንድ ነገር ግን አላደረገም፤ ከእሳቸው ቤት አንዲት ጉንጭ ውሃ አልቀመሰም።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ያን የእርሻ ቀን ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አዴ ጫልቱ ምሳውን ይዘው ወደ ማሳው ወረዱ። «ነያዱ፣ ኢልመ ኮ» አሉት፤ ብላ ልጄ ማለታቸው ነው። እሱ ጎንበስ ብሎ አመሰገነና «በልቼ ነው የመጣሁት፣ ሀርሜ» አላቸው፤ እናቴ ማለቱ ነው። እሳቸው ሲመለሱ ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ፣ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ቆረጠመ። ከዚያ እስከ ወንዙ ወርዶ በእፍኙ ጠጣ። የእንስራው ውሃ አሥር እርምጃ ላይ ተቀምጦ ሳለ!

ሌላ ቀን ደግሞ «ጾም ይዣለሁ» ሲላቸው ሰማሁ። አዴ ጫልቱ ሚሲዮኑ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ጴንጤ ስለሆኑ የኛን ጾም አይቆጥሩም፤ እሺ ብለው አለፉ። እኔ ግን ደንገጥ አልኩ። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። በበዓለ ሃምሳ ምን ጾም አለ? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት ጊዜ! እሱም እንደ እኔ ኦርቶዶክስ ነው፤ ይህን አያጣውም። ስለዚህ እየዋሸ ነው። የሚዋሽ ሰው ደግሞ የሚደብቀው ነገር አለው አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሳኝ።

ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ አርጆ የተላክሁ ጊዜ ወላጆቹን ፈልጌ አገኘኋቸው። ሰላም ልላችሁ ነው ብዬ ገባሁ እንጂ ምርመራ ነበር። አባቱ «ከዘመቻ ተመልሶ ሊጠይቀን ሲመጣ በሬ አረድንለት፤ አልቀመሰም። እያለቀሰ ወጣ። ልጃችንን ምን አድርገውብን ነው?» ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። ምስኪን ሽማግሌ። አጽናንቼ መውጣት ሲገባኝ፣ በመንገዴ ሁሉ «አንድ ተጨማሪ ማስረጃ» እያልኩ ተመለስኩ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን አዴ ጫልቱ መዝገብ ቤት ድረስ መጡና «መኩሪያ፣ ወረቀት ጻፍልኝ» አሉኝ።

«የምን ወረቀት?»

«ገመዳን በጉዲፈቻ ልወስደው ነው። ልጄ ይሆናል። መሬቱም ቤቱም የሱ ይሆናል። ቅዳሜ ሽማግሌዎች እቤት ይመጣሉ፤ አንተም ና።»

ደሜ ፈላ። ለካስ ሁለት ዓመት ያረሰው ለዚህ ነው! እሳቸው እንደወጡ የሰማሁትን ለኦቦ ዋቅጅራ ነገርኩ። ኦቦ ዋቅጅራ የፍርድ ቤታችን ዘበኛ ይሁኑ እንጂ፣ በአገሩ ደንብ ሰው ሲጣላና ደም ሲፋሰስ አስታራቂ ሆነው የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩ። መሬቱን ሲሰሙ ምንም አልመሰላቸውም። ውሃ እንደማይቀምስ ስነግራቸው ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«በእኛ ዘንድ ሰው ቤት እየገባ የማይቀምስ ሁለት ዓይነት ነው» አሉኝ። «ቂም ያለበት ነው፤ አለዚያ ደም ያለበት። ደም ያለበት ሰው የደም ካሳውን፣ ጉማውን ከፍሎ፣ ታርቆ ነው ከሟች ወገን ጋር ማዕድ የሚቆርሰው። ከዚያ በፊት አንድ ጉንጭ አብሮ ቢጠጣ እርም ነው።»

ይህን የአገሩን ደንብ እዚያው ተወልጄ ሳውቀው፣ ከገመዳ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ዲንሳን የገደለው እሱ ነው! ገድሎት፣ አስከሬኑን ተሸክሞ፣ ሜዳይ ተሸልሞበት፣ አሁን ደግሞ ወራሹ ሊሆን ነው። ኦቦ ዋቅጅራ «ቆይ፣ ሰውዬውን ሳትጠይቅ አትፍረድ» ቢሉኝም አልሰማኋቸውም። የዚያኑ ቀን ከሥራ ስመለስ በቀጥታ አዴ ጫልቱ ቤት ገባሁ።

«አዴ ጫልቱ፣ ይሄ ልጅ ከቤትዎ ቀምሶ ያውቃል?» አልኳቸው።

ቡና ይለቅሙ ነበር። እጃቸው ቆመ። «አያውቅም» አሉ።

«ለምን ይመስልዎታል?»

ወደ ቡናቸው ተመለሱ። እኔ ግን አላቆምኩም፤ የጠረጠርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ስጨርስ ማየት የነበረብኝን ፊታቸውን እንኳ በቅጡ አላየሁም፤ የራሴን ንግግር እያዳመጥኩ ነበር። ልጃቸውን ያጡ ሴት፣ ሁለተኛ ልጅ አገኘሁ ባሉ ማግስት እሱንም ልነጥቃቸው መቆሜ ያን ሰዓት አልታየኝም። «ቅዳሜ ና» ብቻ አሉኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ኦቦ ዋቅጅራ አንደኛው ሆነው፣ ከግቢያቸው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እኔ ወረቀቴንና ቀለሜን ይዤ ጥግ ያዝኩ። ገመዳ ነጭ ለብሶ መጣ፤ ሜዳዩን አላደረገም። ለምን እንደተጠራ አልተነገረውም ነበር። አዴ ጫልቱ ከቤት ወጥተው፣ በጮጮ ወተት ይዘው ፊቱ ቆሙ።

«ልጄ ልትሆን ነው» አሉት። «የሰው ልጅ የእናቱን ወተት ይጠጣል። እንካ።»

ተቀበላቸው። ወደ አፉ አስጠጋው፤ መልሶ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ተንበረከከ።

«አልጠጣም፣ ሀርሜ። የዲንሳ ደም በእኔ ላይ ነው።»

ማንም ሳይተነፍስ እኔ «አላልኳችሁም?» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ይህን የምጽፈው ማንም ሳያስገድደኝ ነው፤ ሰው ሁሉ ሰምቶኛልና ልደብቀውም አልችልም።

ኦቦ ዋቅጅራ ወደ እኔ ዘወር እንኳ አላሉም። «በምን ገደልከው?» ሲሉ ጠየቁት።

«ያን ቀን ውሃ የመቅዳት ተራ የእኔ ነበር» አለ ገመዳ። «ምሽጋችን ኮረብታ ላይ ነው፤ ውሃው ከታች ነው። የሚወርድ ሰው ከማዶ ይታያል፤ መድፉም ከሌሊት ጀምሮ ሲወርድብን አርፍዷል። አመመኝ ብዬ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። ዲንሳ ጀሪካኑን አንስቶ በእኔ ፈንታ ወረደ። በዚያው ቀረ።»

«ታመህ ነበር?»

«አልታመምኩም። ፈርቼ ነበር።»

እሱ ቀጠለ፤ «አስከሬኑን ያመጣሁት ጀግና ሆኜ አይደለም። እዚያ ተጋድሞ እያየሁት መቀመጥ አቃተኝ። አለቆቼ ይህን ሳያውቁ ሸለሙኝ። ልናገር ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እመጣለሁ፤ ፊትዎን ሳይ እንጨቱን ፈልጬ እሄዳለሁ።»

አንደኛው ሽማግሌ ይሄ ጉማ አይደለም አሉ። «የገደለው መድፉ ነው። የፈራ ሰው ያፍራል እንጂ ደም አይቆጠርበትም።» ገመዳ ቀና ብሎ «እኔ ቆጥሬዋለሁ፣ አባ» አላቸው። ሁለተኛው ሽማግሌ እናቲቱ ይናገሩ አሉ። ሁላችንም ወደ አዴ ጫልቱ አየን። ቢያባርሩት አንድም ሰው አይፈርድባቸውም ነበር፤ እኔም ያንን ነበር የምጠብቀው።

እሳቸው ግን ስለ ደሙ አልተናገሩም። «ጀሪካኑን ሲያነሳ ምን አለህ?» ብለው ጠየቁት።

ገመዳ መሬት መሬት አየ።

«ልጄ አንድ ቃል ሳይወረውር ከቤት አይወጣም። እናቱ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ምን አለህ?»

«ሳቀብኝ» አለ ገመዳ። «ብርድ ልብሱን ገልጦ ግንባሬን ዳሰሰና ‹ትኩሳት የሌለው በሽተኛ ዛሬ ገና አየሁ። ነገ ደግሞ እኔ እታመማለሁ፤ ሁለት ተራ ትወርድልኛለህ› ብሎኝ ሄደ።»

አዴ ጫልቱ አንድ ድምፅ አወጡ። ለቅሶ መስሎን ልንደግፋቸው ተነሳን። እየሳቁ ነበር። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ ከልባቸው ይስቁ ነበር።

«እሱ ነው! ዲንሳ ነው!» አሉ። «ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ አስከሬኑን ነው። እንዴት እንደወደቀ፣ ማን እንደተሸከመው። ዛሬ ሲናገር ሰማሁት።» ነጠላቸውን አንስተው ዓይናቸውን ጠረጉና ድምፃቸው ተለወጠ፤ የተቆጣች እናት ድምፅ ሆነ። «እያወቀልህ ነው የወረደው። እንግዲያው ሁለት ተራ አለብህ ብሎሃል። አንዱ ያንተ ነው፣ አንዱ የእሱ ነው። እዚህ እኔ ጋ ትወጣዋለህ። አሁን ተነስና ጠጣ።»

ኦቦ ዋቅጅራ ተነስተው መረቁ፤ «ሆራ ቡላ» አሉ፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ገመዳ ጮጮውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሳይተነፍስ እስከ ታች ጨለጠው። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላው ጦርነት አይቶ የተመለሰው ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሳቸው ራሱን ደገፉት።

ወረቀቱን ጻፍኩ፤ ሁሉም ፈረሙ፣ ያልቻለውም አውራ ጣቱን አሳረፈ። ልወጣ ስል አዴ ጫልቱ እስከ በር ሸኙኝ።

«መኩሪያ፣ መጠርጠርህን አልጠላሁብህም» አሉኝ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ የማይቀምስ ሰው እያየሁ እንዴት አልጠረጥርም? ‹አላልኳችሁም› ስትል ግን ደስ ብሎህ ነበር።»

ባርኔጣዬን አድርጌ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ የሚያውቀው ሌላ ገመዳ ነው። «ተራዬ ነው» የሚለው ሰው። የማንም አጥር ቢወድቅ፣ የማንም አስከሬን ቃሬዛ ቢፈልግ፣ ሌላው «ማን ይሂድ» እያለ ሲተያይ እሱ «ተራዬ ነው» ብሎ ይነሳል። አንዳንዱ ይቀልድበት ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቃል። አዴ ጫልቱን እስከ መጨረሻ ጧራቸው። ሲሞቱ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ እንደ ልጅ ከፊት ቆሞ ቀበራቸው። ሰፈራችን ውስጥ ሜዳዩን በደረቱ ያየነው ያን ዕለት ነው።

እኔንስ? «አላልኳችሁም» ያልኩትን በጆሮው ሰምቷል፤ አዴ ጫልቱ ጋ ሄጄ የዘረገፍኩትንም ቢሆን ማን እንደተናገረ አያጣውም። ግን አንድም ቀን አላነሳብኝም። በማግስቱ መንገድ ላይ ስንገናኝ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ እጄን ይዞ «አከም ቡልተን፣ ጸሐፊ?» አለኝ። እኔ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ቂሙን ፈለግሁ። አላገኘሁም። ጎበዝ አስመሳይ ነው፣ ቀን እየጠበቀ ነው አልኩ። ባለቤቴ ስትወልድ ማር ይዞ መጣ፤ ማሩን ቀድሜ ራሴ ቀመስኩት፤ ምን እንደፈራሁ እግዜር ይወቀው። አምና ወደዚህ ስዛወር ቀኑን ሙሉ ዕቃዬን ሲጭንልኝ ዋለ። መኪናው ሲነሳ እንኳ «አሁን ይናገራል» ብዬ ጠብቄ ነበር። «በሰላም ግባ» አለኝ።

ይቅርታ ልጠይቀው ሁልጊዜ አስብ ነበር። ግን መጀመሪያ መቀየሙን ማረጋገጥ ፈለግሁ። ካልተቀየመ ለምን የተኛ ነገር እቀሰቅሳለሁ፤ ከተቀየመ ደግሞ አንድ ቀን ምልክት ያሳየኛል አልኩ። ሃያ ዓመት ገደማ ምልክቱን ጠበቅሁ። አንድም ቀን አላሳየኝም፤ እኔም አንድም ቀን ይቅር በለኝ አላልኩትም።